ፊቴን ሳይሆን እግሬን አብሩልኝ

ዘንድሮ ባትሪ መግዛት ልጅ ከመዳር ብሷል። ለሙሽራው ቢያንስ ሰባት ቤቱን ትጠይቃለህ፣ ሽማግሌ ልከህ ታስጠናለህ። የባትሪ ዘር ግን ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው፤ ካርቶኑ ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ ይዋሻል።

እኔ ፊዚክስ ሳስተምር አርጅቼ በጡረታ የተቀመጥሁ ሰው ነኝ። የምፈልገውም ብዙ አይደለም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጋቢዬን ተከናንቤ፣ መቋሚያዬን ይዤ ከቤቴ ስወጣ፣ ቤተ መድኃኔ ዓለም እስክደርስ እግሬ የሚያርፍበትን የሚያሳየኝ መብራት ነው። የላሊበላን መንገድ የረገጠ ያውቀዋል፤ ደረጃው ከዓለት የተጠረበ ነው፤ ስንት ዘመን ባዶ እግር አለስልሶታል፣ ካፊያ ሲነካው ያዳልጣል። የቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓድ 12 ሜትር ገደማ ወደ ታች ይወርዳል። እዚያ ዳር አንድ እርምጃ ለሳተ ሰው የሚያስፈልገው ባትሪ ሳይሆን ፍታት ነው።

ካርቶኑ ግን ስለ እግሬ ደንታ የለውም። «100,000 ሉመን» ይላል በትልቁ። ተማሪዬ እንዲህ ብሎ ቢጽፍልኝ ዜሮ ሰጥቼ አባቱን አስጠራ ነበር። ደህና የሚባል ኤልኢዲ ከአንድ ዋት ኃይል 100 ሉመን፣ ምርጡ ደግሞ ከዚያ ከፍ ያለ ብርሃን ያወጣል። በመቶው ብናሰላ 100,000 ሉመን 1,000 ዋት ገደማ ይፈልጋል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚበላው ሲሶ የሚጠጋውን በኪስ ይዞ መዞር ነው! ውስጡ ያለችው ቻርጅ የምትደረግ ድንጋይ፣ ያቺ 18 ሚሊ ሜትር ወርድና 65 ሚሊ ሜትር ቁመት ያላት፣ ጥሩዋ እንኳ የምትይዘው 11 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ሒሳቡን ስሩት፤ 40 ሰከንድ ነው። ካርቶኑ እውነቱን ቢሆን ኖሮ ባትሪው የግቢዬን በር ሳልዘጋ ያልቅብኝ ነበር።

ድንጋይዋም ከካርቶኑ አትሻልም። «9,900 ሚሊ አምፒር ሰዓት» ተጽፎባት አይቻለሁ። በዚያ መጠን የሚሠሩ ምርጥ የተባሉት እንኳ ከ4,000 ብዙም አያልፉም። እውነተኛዋ ስትመዘን ከ45 ግራም ብዙ አትርቅም፤ ሐሰተኛዋን መዳፍህ ላይ ስታስቀምጣት እንዳለች እንኳ አታስታውቅም። እነዚህን ሲፈቷቸው ከሆዳቸው ሌላ ትንሽ ድንጋይና ዱቄት የወጣባቸው አሉ። ዱቄት እኮ ነው የምላችሁ! ዱቄት ብፈልግ ወፍጮ ቤት እሄዳለሁ።

ማብሪያ ማጥፊያውን ደግሞ የሠራው ሰው አንድ ቀን ማህሌት ቆሞ አያውቅም። አንዴ ስትጫነው በኃይል ይበራል፤ ሁለተኛ ስትጫነው ይደክማል፤ ሦስተኛ ብልጭ ድርግም ይላል፤ አራተኛ መርከብ ሊሰጥም ሲል የሚላከውን የድረሱልኝ ምልክት ያሳያል። ላስታ ላይ! ባሕሩ የት አለና ነው? ለማጥፋት ይህን ሁሉ አልፈህ መሄድ አለብህ። በጽጌ ማህሌት፣ ጸናጽሉ ገና በዝግታ ሲነሣ፣ ከኋላ የቆመ አንድ ጎረምሳ ባትሪውን አጠፋለሁ ብሎ ቅኔ ማህሌቱን የጭፈራ ቤት አስመሰለው። መሪጌታው ዓይናቸውን አልገለጡም፤ ጨዋ ናቸው። እኔ ግን ገለጥሁ፣ ገልምጬውም ቀረሁ።

የጥንቱ ባትሪ አንድ ሥራ ነበረው። ከቆርቆሮ የተሠራ፣ ሽንሽን ያለው፣ የሚያብረቀርቅ ቱቦ፤ ጎኑ ላይ ወደፊት የሚገፋ ቁልፍ። ሁለት ትላልቅ ድንጋይ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ተኩል ቮልት፣ አፍና ቂጥ ገጥመው ይገባሉ። የኋላ ክዳኑን ስትፈታው ከሽቦው ሥር መለዋወጫ አምፖል ተቀምጦ ታገኛለህ። ፋብሪካው ይቃጠልብሃል ብሎ አስቀድሞ አስቦልሃል ማለት ነው፤ ዛሬ ማን ያስብልሃል? ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣው ነበር፤ ሲሞቅ ጥቂት ነፍስ ይዘራል። ጨርሶ ሲሞት ደግሞ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር፤ ሆዱ ውስጥ ያለውን ጥቁር ዱቄት ቀጥቅጠን ጥቁር ሰሌዳ እንቀባበታለን። ስንት ልጅ ሀ ሁ የቆጠረው በሞተ ድንጋይ ላይ ነው።

ብርሃኑ ቢጫና ደካማ ነበር፤ እሱን አልክድም። የአምፖሉ ጭራ የሚበላውን ኃይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት ነበር የሚለውጠው። በዚህ በኩል ኤልኢዲን አመሰግናለሁ። ሰማያዊውን ብርሃን አውጥተው፣ በላዩ ላይ ቢጫ ቅመም ሲለበጥበት ነጭ እንዲሆን መንገድ የከፈቱት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመዋል፤ ይገባቸዋል። እነሱ ብርሃኑን ሰጡን። ሳይረኑን፣ ሬዲዮኑንና ቀይ ሰማያዊ እያለ የሚዞረውን የፖሊስ መብራት ባትሪው ላይ የጨመረው ማን እንደሆነ ግን አንድ ሰው ይንገረኝ፤ እሱንም የምሸልመው ነገር አለኝ።

በቀጥታ ሶኬት ላይ የሚሰካውን ሰፊ የፕላስቲክ ባትሪ በነጻም አልወስድ። ውስጡ ብዙውን ጊዜ የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ነው፤ ባዶውን ጥቂት ወር ካስቀመጡት ይሞታል። እኛ ደግሞ ሐምሌ 2013 መጨረሻ ላይ የሰሜኑ ጦርነት ከተማችን ሲገባ መብራት ሄዶ ለወራት ሳይመለስ የቀረብን ሰዎች ነን። ያኔ በየቤቱ ሶኬት ላይ ተሰክቶ የቀረ ስንት እንዲህ ያለ ባትሪ ነበር! ያዳነን ጧፍ፣ ኩራዝና አንዳንዱ ጣሪያው ላይ ያሰጣት ትንሽ ሶላር ናት።

አሁን ወደ ዋናው በደል ልምጣ። ሰው ሌሊት መንገድ ላይ ሲገናኝ ድሮ «ማነህ?» ይባል ነበር። «እኔ ነኝ» ይልሃል፣ በድምፁ ታውቀዋለህ፣ ትሳሳማለህ። ዛሬ «ማነህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ፊትህ ላይ ያበራብሃል። ዓይን ከጨለማ ጋር በደንብ እስኪላመድ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ያን ሁሉ ትዕግሥት አንድ ጎረምሳ ባንድ ጠቅታ ይበትነዋል። የሽማግሌ ዓይን ደግሞ ክፉ ነገር ነው፤ ለማየት ከወጣቱ ይልቅ ብዙ ብርሃን ይፈልጋል፣ ሲያበሩበት ግን ከወጣቱ ይልቅ ይታወራል። «አባባ፣ እንደምን አደሩ?» ይላል አንድ ነጭ ክብ ነገር። «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ ለክቡ። «ይመርቁኝ» ይላል። መረቅሁት። እሱ የጺሜን ሽበት አንድ ባንድ ቆጥሮ ሄደ፤ እኔ ግን የማንን ልጅ እንደመረቅሁ እስካሁን አላውቅም። ምናልባት የባላጋራዬን ልጅ ይሆናል።

በዚህ በኩል የማከብረው አስጎብኚዎቹን ነው። በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል በኩል ያለውን፣ የሲኦል ምሳሌ ነው የሚባለውን የጨለማ ዋሻ ሲያሳዩ እንግዳውን «ባትሪዎን ያጥፉ፣ ግድግዳውን በእጅዎ ይዘው ይከተሉኝ» ይሉታል። ግንባሩ ላይ መብራት አስሮ ከባሕር ማዶ የመጣው ፈረንጅ ጸጥ ብሎ ያጠፋል። ታዲያ ሲኦል ውስጥ የሚጠፋ ባትሪ የአባወራ ፊት ላይ ለምን አይጠፋም? ይምርሐነ ክርስቶስ ሌላ ነው፤ ዋሻው ውስጥ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ የተኙትን አጽሞች ለማየት ባትሪ ግድ ነው። ቢሆንም እነሱ እንኳ ፊታቸው ላይ ሲበራባቸው ደስ የሚላቸው አይመስለኝም።

ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ወደ አንድ ሱቅ ገባሁ። ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በጋሸና ዞሮ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው አሸተን ተራራ ላይ ወጥቷል፤ ስለዚህ ለመግዛት ብቻ ሳይሆን ለመመርመርም ነው የሄድሁት።

«ይቺን ይውሰዱ አባባ» አለኝ ልጁ። «500 ሜትር ትወረውራለች። አሸተን ማርያም ድረስ ያበራሉ።»

«አሸተን ማርያም ብርሃን ላክልኝ ብላ መቼ ጠየቀችኝ?»

«እንዲያው ለመተማመኛ ነው።»

«ስማ ልጄ። አሜሪካኖች በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት የባትሪ መለኪያ ደንብ፣ ‹ይህን ያህል ሜትር ይደርሳል› ማለት እዚያ ርቀት ላይ ሲደርስ ሩብ ሉክስ ይቀረዋል ማለት ነው። የሙሉ ጨረቃ ያህል። ቁጥሩ እውነት ቢሆን እንኳ 500 ሜትር ላይ የምትሸጥልኝ ጨረቃ ነው። ጨረቃ ደግሞ በነጻ አለችኝ።»

ዝም አለ። እኔ ቀጠልሁ፤ አስተማሪ አፉን ከከፈተ ደወል ካልተደወለ አይዘጋም። ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ አራት እጥፍ ብርሃን እንደሚያስፈልግ ነገርሁት። መጀመሪያ ሲበራ በደካማው የሚጀምር፣ ብርሃኑ መሬት ላይ ሰፋ ብሎ የሚያርፍ አምጣ አልሁት፤ ለደረጃ 50 ሉመን ይበቃኛል። አካሉ አሉሚኒየም፣ ክዳኑ የሚጠብቅበት ጥርስ ላይ ውኃ የሚከለክል የጎማ ቀለበት ያለው፣ ድንጋዩ ወጥቶ በሌላ የሚተካ። ሬዲዮ የሌለው።

«ሬዲዮ የሌለው ውድ ነው» አለኝ። ይህን በጆሮዬ ሰማሁ።

ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የለበሰች አንዲት አጭር ጥቁር ባትሪ አወጣ። ማንም አይጠይቃትም መሰለኝ፤ ካርቶኗ ላይ የተጻፈው 300 ሉመን ብቻ ነው፤ በዚህች ትሕትናዋ ልቤን ወሰደችው። ጋቢዬ ውስጥ ከትቼ አበራኋት፣ ቀለበት ቀለበት ሳይሆን አንድ ወጥ ብርሃን ነው። ከዚያ የሱቁ ጓዳ ውስጥ ገብቼ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ በትልቁ አብርቼ ግድግዳው ላይ ያዝኋት። ርካሽ ባትሪ የሚታወቀው ሲሞቅ ነው፤ መጀመሪያ ይፎክራል፣ ጥቂት ቆይቶ ይተኛል።

«አባባ፣ ደንበኛ እየጠበቀ ነው» አለኝ ልጁ በመጋረጃው በኩል። «ልጠቅልልዎ ወይስ ይተዉታል?»

«አሥር ደቂቃው ይሙላ። ይልቅ ያን መጋረጃ ዝጋው፣ የፀሐይ ብርሃን እያስገባህ ሙከራዬን አታበላሽ።»