በግል የሚያምኑ፣ በማኅበር የሚኖሩ

ባፕቲስት የሚባለው የፕሮቴስታንት ክርስትና ዘርፍ በሁለት ዐበይት አቋሞች ይታወቃል፤ አንደኛው ሰው የሚጠመቀው ነፍስ ካወቀ በኋላ፣ በገዛ አንደበቱ ማመኑን ሲመሰክር ነው የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ አጥቢያ፣ ማለትም በአንድ አካባቢ የተሰበሰበው የምእመናን ጉባኤ፣ ከላይ በተሾመ ጳጳስ ሳይሆን በአባላቱ ውሳኔ ይተዳደራል የሚል ነው። የግል እምነት እስከ ምን ድረስ እንደሚከበር ለመረዳት፣ ከንቅናቄው መሥራቾች አንዱ የሆነው እንግሊዛዊው ጆን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1609 አምስተርዳም ውስጥ ራሱን በራሱ ማጥመቁን፣ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ በዚሁ ድርጊቱ መጸጸቱን ማስታወስ ይበቃል።

በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ ለዚህ ትምህርት ቅርብ ከሆኑት አብያተ ክርስቲያናት መካከል የሰፈሯን ስም የያዘችው የገጃ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች። የገጃ እናት ቤተ ክርስቲያን የሆነችው ቃለ ሕይወት በስሟ ባፕቲስት ባትባልም፣ ያመነን ሰው ውኃ ውስጥ አጥልቆ ማጥመቅን ከባፕቲስቶች ጋር ትጋራለች። የታሪኳ ሥር ሐኪሙ ቶማስ ላምቢና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1927 መጨረሻ አዲስ አበባ ገብተው በተከታዩ ዓመት ወደ ደቡብ ካቀኑበት፣ ሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን ከተባለው የሚሲዮናውያን ድርጅት ይመዘዛል። ሚሲዮናውያኑ በጣሊያን ወረራ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1937 ወላይታን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ፤ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ግን 10 ሺህ ገደማ ሆነው ጠበቋቸው፤ ይህም አንድን ሰባኪ ከሚያስደስተው እኩል ስለ ራሱ አስፈላጊነት የሚያሳስበው ውጤት ነው።

በደርግ ዘመን በርካታ የወንጌላውያን አጥቢያዎች ሲዘጉ፣ ምእመናኑ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተሰበሰቡ መዝሙርን በሹክሹክታ ይዘምሩ ነበር። ዛሬ በየአጥቢያው የተተከለውን ድምፅ ማጉያ የሚሰማ ጎረቤት፣ የዚያን ጊዜው ሹክሹክታ ከነወለዱ እየተከፈለ እንደሆነ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

ከዶክትሪኑ፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያኒቱ ከምታስተምረው መሠረተ እምነት፣ ይልቅ ተመራማሪን የሚያስገርመው ግን የአጥቢያ ኑሮ ነው። የጥምቀት ትምህርቱን የጨረሰና በሽማግሌዎች የተጠየቀ አማኝ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኝ ከተማ፣ በማለዳ ቀዝቃዛ ገንዳ ውስጥ በግሉ ይገባል፤ ሲወጣ ግን ፎጣ የያዘ ኮሚቴ፣ ፎቶ የሚያነሳ ዘመድና «መቼ ነው መዘምራን የምትገባው?» የሚል እህት ይጠብቁታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻውን የሚያደርገው ነገር እምብዛም አይገኝም፤ ለሠርግ ኮሚቴ፣ ለለቅሶ ኮሚቴ፣ ለሻይ ኮሚቴ፣ ኮሚቴዎቹን የሚያስተባብርም ሌላ ኮሚቴ አለ። አንድ እሑድ ከቀረ ማክሰኞ ሳይደርስ ሦስት ሰው ይደውልለታል፤ ሦስቱም ሊወቅሱት ሳይሆን «በጸሎት እያሰብንህ ነው» ሊሉት ነው፤ ይህም ከወቀሳ የባሰ መሆኑን የቀመሰ ያውቀዋል። ጉባኤው የመጨረሻው ባለሥልጣን በመሆኑም የወንበር ቀለም እንኳ ሳይጸለይበትና ድምፅ ሳይሰጥበት አይለወጥም፤ ፕሮግራሙ ሲያበቃ የሚነገረው ማስታወቂያም አንዳንዴ ከስብከቱ ይረዝማል።

የዚህ ትስስር ጥንካሬ የተፈተነው በ2000ዎቹ መጀመሪያ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የልደታ አሮጌ መንደሮች ለመልሶ ማልማት ሲፈርሱ ነው። ብዙ ነባር ነዋሪዎች በከተማዋ ዳር ወዳሉ ኮንዶሚኒየሞች ተበተኑ፤ ለእንዲህ ያለው ጊዜ የተዘጋጀ ሥርዓትም አለ፤ አባሉ መሸኛ ደብዳቤ አጽፎ በአዲሱ መኖሪያው አቅራቢያ ወዳለች አጥቢያ ይዛወራል። ሥርዓቱ እንከን የለውም፤ ችግሩ ደብዳቤው እምነትን እንጂ ዕድርን፣ የሻይ ጓደኛንና የለመዱትን መቀመጫ መሸኘት አለመቻሉ ነው። በመሆኑም ከጀሞና ከአያት በሁለት በሦስት ታክሲ የሚመጡት አባላት፣ ከግቢው ማዶ ከሚኖረው አባል ቀድመው ደርሰው የፊተኛውን ረድፍ ይይዛሉ።