«ፎርማት አድርገው!»

በአገራችን የኮምፒውተር ሐኪም እንደ ጉድ ሞልቷል፤ የሚያዘው መድኃኒት ግን አንድ ነው። ኮምፒውተሩ ዘገየ? ፎርማት። ፍላሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ሾርትከት ሆነ? ፎርማት። ፕሪንተሩ ወረቀት ነከሰ ብትሉት እንኳ «ፎርማት ብታደርጉትስ?» የሚል አይጠፋም። መድኃኒቱ ፍቱን መሆኑን አልክድም። ፎርማት የተደረገ ዲስክ እንደ አዲስ ይሠራል፤ ችግሩ እንደ አዲስ ባዶ መሆኑ ነው።

የአክስቴ ልጅ ጥር ላይ ተዳረች። ፎቶ ቤቱ ሠርጉንም መልሱንም መዳፍ በማታህል ጥቁር ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ጭኖ አስረከበን። ፋሲካን ምክንያት አድርጎ ዘመድ ቤታችን ተሰበሰበ፤ ዶሮው ተበላ፣ ቡናው ቀረበ፣ አክስቴም ነጠላቸውን አስተካክለው «በል አንተ ልጅ፣ የመልሱን አሳየን እስቲ» አሉ። ሰካሁት። መብራቷ ቦግ አለች። እጄን ባሳርፍበት ውስጡ ሲሽከረከር ይሰማኛል። ኮምፒውተሩ ግን ጭጭ! ያቺ «ቲንግ» የምትል ድምፅ እንኳ የለችም።

«አላነበበውም» አልኩ።

ይህን ቃል ሰው በተሰበሰበበት መናገር አደጋ አለው። ወዲያው ቤቱ በባለሙያ ተጥለቀለቀ። አንዱ ነቅለህ ሰካው አለ፤ ነቅዬ ሰካሁት። ሌላው «እፍ በልበትና ሰካው» አለ። በዚህ ምክር የማያምን ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም፤ ከካሴት ዘመን ጀምሮ እፍ ያላልነው ነገር የለም። ባንክ የሚሠራው ያጎቴ ልጅ ቫይረስ ነው ብሎ ደመደመ። በመጨረሻ ኮምፒውተር የሚማረው የእህቴ ልጅ ከስልኩ ቀና ሳይል ፍርዱን ሰጠ፦

«ጋሼ፣ ፎርማት አድርገው።»

«ፎርማት ሲደረግ መልሱ ይመጣል?» አሉ አክስቴ።

«አይ እማማ፣ መልሱማ ይጠፋል። ዲስኩ ግን ይሠራል።»

«ታዲያ ዲስኩን ምን ልሥራበት? ልጋግርበት?»

ሙሽራው ብቻ «ምናለበት፣ ይሞከር» አለ በለሆሳስ። የመልሱ ዕለት የጨፈረውን ጭፈራ ያየ ሰው አይፈርድበትም።

እኔ እንኳ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ኃይሉን ነበር። እነዚህ ትንንሽ ዲስኮች የራሳቸው ቻርጀር የላቸውም፤ የሚኖሩት ከኮምፒውተሩ በሚለምኑት ነው። የድሮው ዩኤስቢ 2.0 ደግሞ ቸርነቱ 500 ሚሊ አምፒር ላይ ያበቃል፤ ዩኤስቢ 3.0 እስከ 900 ይሰጣል። ዲስክ ሲነሣ፣ ያን ሳህኑን ማሽከርከር ሲጀምር፣ ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ኃይል ይፈልጋል። ስለዚህ ባለ ብዙ ቀዳዳ ማከፋፈያ ላይ ከማውሱ፣ ከኪቦርዱና ከሚሞላው ስልክ ጋር ተጋፍቶ የተሰካ ዲስክ ባይነሣ አይገርምም። የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከሆነ ከፊት ነቅሎ ከኋላ፣ ከራሱ ከማዘርቦርዱ ላይ መሰካት ነው። ሰካሁት። ያው ጭጭ።

ለነገሩ ሃርድ ዲስክ ድሮ እንዲህ እንደ ልብ የሚነቀል አልነበረም። አይቢኤም በ1956 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ ስፋታቸው 24 ኢንች የሆነ 50 ሳህኖች ነበሩት፤ ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል፤ የሚይዘው ደግሞ አምስት ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነው። ከመልሱ ቪዲዮ አንዲት እልልታ ብታስገቡበት ነው። አንድ ጥቅም ግን ነበረው፤ ማንም «ነቅለህ እፍ በልበት» አይልም።

ቀጥሎ ዲስክ ማኔጅመንት የሚባለውን ከፈትኩ። ዊንዶውስ ላይ የስታርትን ምልክት በቀኝ ብትጫኑ ዝርዝሩ ውስጥ ታገኙታላችሁ። የብዙ ሰው ዲስክ «ጠፋ» ተብሎ የሚለቀስለት እዚህ ቁጭ ብሎ ነው፤ ፊደል ስላልተሰጠው ብቻ ዚስ ፒሲ (የድሮው ማይ ኮምፒውተር) ውስጥ አይታይም። ኢ ወይም ኤፍ ብሎ ስም ማውጣት ነው፣ አለቀ። ዲስኩ ታይቶ «ከመጠቀምህ በፊት ፎርማት ላድርገው?» የሚል መስኮት ከመጣም «ካንስል» ነው መልሱ። ዊንዶውስ እንዲህ የሚለው ዲስኩ ባዶ ስለሆነ አይደለም፤ የፋይሉን አደረጃጀት መረዳት ስላቃተው ነው። ማክ ላይ የተዘጋጀ ዲስክ ስትሰኩበትም እንዲሁ ይላል። ያልገባውን ሁሉ ማጥፋት የሚያምረው ሶፍትዌር ብቻ አይደለም፣ እሱን እንተወው።

የኛ ዲስክ እዚህም የለም። ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ደብዛው ከጠፋ ቫይረስም፣ ፊደልም፣ ፎርማትም ከጥርጣሬ ነጻ ናቸው፤ በመጀመሪያ የሚጠረጠሩት ገመዱና የዲስኩ ቤት ናቸው። መነጽሬን አድርጌ ገመዱን አየሁት። የዲስኩ ቀዳዳ ሰፊ ነው፤ መካከሉ ላይ ገባ ብሎ ለሁለት የተከፈለ። የተሰካበት ግን ጠባብ የስልክ ገመድ ነው፤ ከሁለቱ ክፍል አንዱን ብቻ ይዞ፣ ሌላኛው ክፍት ቀርቷል። ይህ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ቀዳዳው ሲሠራ የድሮውንም ገመድ እንዲቀበል ተደርጎ ነው፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ ይሠራል። ነገር ግን በደህናው የድሮ ዓይነት ገመድ ውስጥ አራት ሽቦዎች አሉ፤ ሁለቱ ኃይል ያመላልሳሉ፣ ሁለቱ መረጃ። መንገድ ላይ በርካሽ የሚሸጡት አንዳንድ የቻርጀር ገመዶች ሁለቱን የመረጃ ሽቦዎች ጭራሽ የላቸውም። ዲስኩ መብራቱን አብርቶ፣ ተሽከርክሮ፣ ጠግቦ ይቀመጣል፤ መናገሪያ ግን የለውም።

«ይህን ገመድ ማን ሰካው?» አልኩ።

የእህቴ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከስልኩ ቀና አለ። ዋናው ገመድ «አጭር ሆኖ ስላስቸገረ» እሱ ነው የቀየረው። ፍለጋ ተጀመረ። ዋናው ገመድ የተገኘው ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነው፤ የዲሹ ሽቦዎች አንድ ላይ ታስረውበት። ፈትቼ ሰካሁት። ቲንግ!

ስለ ቪዲዮው ብዙ አልልም። አክስቴ ያለቀሱበት ቦታ ተቆርጧል ብለው ፎቶ ቤቱን ረገሙ፤ ሙሽራው ጭፈራው ሲደርስ ስልክ ተደውሎልኛል ብሎ ወጣ። በሳምንቱ ሌላ ዲስክ ተገዝቶ ሁሉም ተገለበጠ፤ አንዱ አክስቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ሌላው ሙሽሮቹ ቤት ነው።

እናንተም የምትሳሱለት ነገር አንድ ዲስክ ላይ ብቻ ካለ ዛሬውኑ አስገልብጡት። ደግሞ ዲስኩ ስትሰኩት ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ እስካሁን ያወራሁትን ሁሉ እርሱት። በዚያ ሳጥን ውስጥ የምታነበው ጫፍ ከሳህኑ በላይ የምትንሳፈፈው በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ ነው፤ ቀጭታው እሷ ስትቸገር የሚሰማ ነው፣ መልሳችሁ በሰካችሁት ቁጥርም ሳህኑ ሊቧጨር ይችላል። ነቅላችሁ አስቀምጡና መረጃ ማውጣት ወደሚችል ባለሙያ ውሰዱት። እንዳትከፍቱት፣ እፍም እንዳትሉበት።