የወፍጮ ሞተር ማቃጠያ ምክር

የወፍጮ ሞተር ማቃጠል የፈለገ ሰው አስቀድሞ ሊያደርገው የሚገባው፣ ሞተሩ ሲነሣ ብሬከሩ በወደቀ ቁጥር አምፔሩ ከፍ ያለ ብሬከር መግዛት ነው። 32ቱ ከወደቀ 40፣ 40ው ከወደቀ 63። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከጃቢ ጠህናን እስከ ወምበርማ ባለው የበቆሎ አገር ለሚሠራ ባለ ወፍጮ ይህን የሚመክረው ሰው ክፋት የለበትም፤ ወፍጮውም በእርግጥ ይነሣል። ምክሩን እዚህ እስከ መጨረሻው የምከተለው መድረሻው ከወዲሁ እንዲታይ ነው። ቡሬ ላይ በ2013 ዓ.ም. እንደተመረቀው የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ ባለ ትልቅ ተቋም የሞተር ጥበቃ በመሐንዲስ ስሌት ይዘጋጃል። የገጠር ወፍጮ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚተማመነው በአንድ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ እርሱ ከተሳሳተ የሚያርመው የለም።

ባለ 15 ኪሎዋት ሦስት ፌዝ ሞተር እንውሰድ። በ380 ቮልት ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ሲሠራ 30 አምፔር ያህል ይስባል። በቀጥታ ሲነሣ ግን ከስድስት እስከ ስምንት እጥፍ፣ ማለትም ከ180 እስከ 240 አምፔር፣ ለጥቂት ሰከንዶች ይወስዳል፤ በመጀመሪያዋ ቅጽበት ደግሞ ጫፉ ከዚያም ሊልቅ ይችላል። ብሬከር በውስጡ ሁለት ነገር አለው፦ በሙቀት የሚሠራው ቀስ ብሎ ይቆርጣል፤ በማግኔት የሚሠራው ወዲያው ይቆርጣል። ከአምፔሩ ቁጥር ፊት የተጻፈው ፊደል የማግኔቱን ወሰን ይናገራል፦ ቢ ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ፣ ሲ ከአምስት እስከ ዐሥር፣ ዲ ከዐሥር እስከ ሃያ። ስለዚህ ሲ 32 ከ160 እስከ 320 አምፔር ባለው ክልል ውስጥ ይቆርጣል፤ የሞተሩ መነሻም በትክክል እዚያው ክልል ላይ ያርፋል። ዲ 32 ግን እስከ 320 አምፔር ድረስ በማግኔቱ አይቆርጥም፤ በሙቀት በኩል የሚሰጠው ጥበቃ ደግሞ ከሲ 32 አይለይም። ጎድሎ የነበረው ፊደሉ ነው፤ አምፔሩማ ልክ ነበር።

ሲ 63 ያስገባ ሰው የማግኔቱን ወሰን ሲያነሣ የሙቀቱንም አብሮ አንሥቷል። ጉዳቱ የሚታየው አንድ ፌዝ የጠፋ ቀን ነው። በረጅም የገጠር መስመር ላይ ለዚህ የአንድ ፊውዝ መቃጠል ወይም የአንድ ማያያዣ መላላት ይበቃል። በሥራ ላይ ያለ ሞተር በሁለቱ ፌዝ መዞሩን ሊቀጥል ይችላል፤ ነገር ግን በቀሩት ላይ የሚስበው ወደ 1.73 እጥፍ፣ ማለትም ወደ 52 አምፔር ይጠጋል። ሙቀቱ አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ስለሚያድግ፣ በእነዚያ ጥቅሎች ውስጥ የሚፈጠረው ሦስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። 63ቱ ብሬከር ይህን 52 አምፔር ቀኑን ሙሉ ያሳልፈዋል፤ ለእርሱ ገና ከልኩ በታች ነው። በቱቦ ውስጥ የተዘረጋ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ግን ከ35 አምፔር ብዙ አይሻገርም። የሞተሩ ጥቅል ይነዳል፣ የሽቦው ልባስ ይቀልጣል፣ ብሬከሩ እንደቆመ ነው።

ቀጣዩ ምክር ኦቨርሎዱን መተው፣ ወይም የመቁረጫ ልኩን እስከ መጨረሻው ማዞር ነው። ብሬከር በዋናነት ሽቦውን ከመጋል፣ መስመሩንም ከአጭር ዙር ይጠብቃል። ሞተሩን ራሱን የሚጠብቀው በሰሌዳው ላይ በተጻፈው አምፔር ልክ የተስተካከለ ኦቨርሎድ ነው። በዚህ ላይ ኮንታክተሩን ትቶ በእጅ በሚዘጋና በሚከፈት ማብሪያ መሥራት ሲጨመር ጥፋቱ ይፈጥናል። መብራት ሲጠፋ ኮንታክተር በራሱ ይለቃል፤ መብራት ሲመጣም ሰው እስኪጫነው ይጠብቃል። የእጅ ማብሪያ ግን እንደተዘጋ ይቀራል። መብራት ሲመለስ እህል በድንጋዩ መካከል እንዳለ ሞተሩ ሊነሣ ይታገላል፤ ያው መስመር የሚያበራቸው ሌሎች ወፍጮዎችም በዚያችው ደቂቃ ይነሣሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲስቡ ቮልቴጁ ይወርዳል። ከ380 ወደ 320 ቢወርድ የሞተሩ የመነሻ ጉልበት ከነበረው ወደ 71 በመቶ ዝቅ ይላል፤ መነሻው ይረዝማል፣ ሙቀቱም ይከማቻል።

ተቃውሞው ግልጽ ነው፤ ቀላልም አይደለም። ብሬከሩ በወደቀ ቁጥር እህል ተሸክመው ከሩቅ የመጡ እናቶች ደጅ ላይ ይቀመጣሉ። ዲ የሚል ብሬከር በአቅራቢያው ሱቅ ላይገኝም ይችላል። ለዚህ መልስ አለ። ሽቦው 10 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ከሆነና ኦቨርሎዱ በ30 አምፔር ላይ ከተስተካከለ ሲ 40 ማስገባት ይቻላል፤ ሽቦው 40 አምፔር ይሸከማል፣ ሞተሩን ደግሞ ኦቨርሎዱ ይጠብቀዋል። ትልቅ ብሬከር በራሱ ኃጢአት አይደለም። ጥፋቱ ሽቦውን ሳይለኩና ኦቨርሎድ ሳያስገቡ ማሳደጉ ነው። ሞተሩ ለስታር ዴልታ የተሠራ ከሆነና ድንጋዩ ባዶ ሆኖ የሚነሣ ከሆነ ደግሞ የስታር ዴልታ ማስነሻ ማስገባት የተሻለ ነው፤ ከመስመሩ የሚሳበውን የመነሻ አምፔር ወደ ሲሶ ያወርዳል። የመነሻ ጉልበቱም አብሮ ወደ ሲሶ ስለሚወርድ እህል ጭኖ ለማስነሣት አይሆንም።

«እንግዲያው ሁሉንም ዲ አድርገው» የሚለውም ምክር ሌላ ማቃጠያ ነው፤ በዚህ በኩል የሚጎዳው ሰው ጭምር ነው። ዲ 32 በቅጽበት መቁረጡ የሚረጋገጠው 640 አምፔር ሲያልፍበት ነው። በ220 ቮልት ይህን ያህል እንዲፈስ የመስመሩ ዙር ተቃውሞ ከ0.34 ኦም መብለጥ የለበትም። ከትራንስፎርመሩ ርቆ በቀጭን ሽቦ መብራት የሚያገኝ ወፍጮ ይህን ላያሟላ ይችላል። ያኔ ፌዝ የወፍጮውን ብረት ቢነካ ብሬከሩ ቶሎ ሳይቆርጥ ይዘገያል፤ ብረቱን የነካውም ሰው ይያዛል። ዲ ከመግጠም በፊት ዙሩን መለካት፣ የምድር ሽቦውንም መፈተሽ የግድ ነው።

ከወፍጮው ጎን የብየዳ ማሽን ካለ ደግሞ ትራንስፎርመሩ ከሞተር የተለየ ጠባይ አለው። ሲበራ የሚስበው የሚወሰነው ማብሪያው በተዘጋባት ቅጽበትና በብረቱ ውስጥ በቀረው ማግኔት ነው። ቮልቴጁ ዜሮ ላይ ሲሆን ከተዘጋ ብረቱ በማግኔት ይሞላና ጫፉ ከመደበኛው ከዐሥር እጥፍ በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ከሰከንድ ክፍልፋዮች በኋላ ይረግባል። ስለዚህ ዛሬ ወድቆ ነገ ሳይወድቅ የሚውል ብሬከር ሁልጊዜ የተበላሸ አይደለም፤ እርሱን ጥሎ ሌላ መግዛትም ገንዘብ ማባከን ነው።

ባለ ወፍጮዎች ሆይ፣ ብሬከር ልትገዙ ስትሄዱ የሞተሩን ሰሌዳ አምፔርና የሽቦውን ውፍረት ጽፋችሁ ያዙ፤ ሻጩንም ከቁጥሩ በፊት ስለ ፊደሉ ጠይቁት። ኦቨርሎድ የሌለውን ሞተር አታስነሡ።