ሁሉን አካታች ጫጉላ

የእህቴ ልጅ፣ ለጫጉላ ሽርሽር ማልዲቭስ ልትሄዱ መሆኑን እናትሽ ነገረችኝ። እሰይ! የሙሽራውን ሽማግሌዎች ተቀብሎ «ልጃችንን ሰጥተናል» ያለው ሰው እኔ ስለሆንኩ ምክሩም የኔ ዕዳ ነው። ስለ ሙሽራው ሳወራ አልፎ አልፎ «እሳቸው» ካልኩ አትሳቂብኝ፤ የዕድሜዬ ልማድ ነው።

አገሩ ከሕንድና ከስሪላንካ ደቡብ ምዕራብ፣ ክሩ እንደተበጠሰ ጨሌ ውቅያኖስ ላይ የተበተነ ከ1,100 በላይ ደሴት ነው። የአገሬው ሰው የሚኖርበት 200 እንኳ አይሞላም። ከፍታ የሚባል ነገር ብዙም አታገኚም፤ በተፈጥሮ ከፍተኛ የተባለው ቦታ ከባሕር ወለል 2.4 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ወንበር ላይ የቆመ ሁሉ ተራራ ነው። ሙሽራው ወንበር ላይ ወጥቶ «ከፍታው ላይ ደርሰናል፣ አድማሱ ይታየኛል» ካለሽ እውነቱን ነውና አትከራከሪው። ብቻ ወንበሩን ከሥር ደግፎ የያዘለት ማን እንደሆነ እይ።

ከዋና ከተማዋ ከማሌ ወደ ሪዞርቱ የምትሻገሩት ምናልባት ውሃ ላይ በምታርፍ ትንሽ አውሮፕላን ነው። አብራሪዎቹ ብዙ ጊዜ ባዶ እግራቸውን ናቸው፤ እንዳትደነግጪ። የሚያስፈራው ተሳፋሪውን ባዶ እግሩን የሚያስቀር አብራሪ ነው። ደግሞ ፀሐይ ከጠለቀች አይነሡም፤ በጨለማ የደረሰ እንግዳ እስኪነጋ ይጠብቃል። እኛ ቤት ግን በጨለማ መብረር ነውር ሆኖ አያውቅም።

የመጀመሪያው ሪዞርት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታትም እንደዚያው)። አንድ ደሴት ለአንድ ሆቴል ይሰጣል፤ ለብዙ ዓመት የአገሬው ሰው በራሱ ደሴት፣ እንግዳው በራሱ ነበር። ለአገሬው ሰው በሕግ የተከለከለው መጠጥ ለእንግዳው ከነበረዶው ይቀርባል። ሰዓቱም የእንግዳው ነው። ብዙዎቹ ሪዞርቶች ሰዓታቸውን ከማሌ አንድ ሰዓት ያስቀድማሉ፤ ዋና ከተማዋ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሲሆን እነሱ ዘንድ 1 ሰዓት ነው። ብርሃኑ ለእንግዳው እንዲረዝምለት ተብሎ ነው አሉ። ፀሐይዋ ግን አልሰማችም። ስለዚህ ሙሽራው «ነግቷል፣ ተነሺ» ሲልሽ ዝም ብለሽ አትነሺ፤ መጋረጃውን ገለጥ አድርጊ።

ጎጆ የምትወጡት ውሃ ላይ ነው። የአንዳንዱ ጎጆ ወለል መስታወት ስለሆነ፣ ቁርስሽን እየበላሽ ከሥር ዓሣ ሲርመሰመስ ታያለሽ። ከሥር ያለው ወደ ላይ ሲያይ ምን እንደሚያስብ ዓሣ አይናገርም። አሸዋው በየማለዳው ይጠረጋል። ቆሻሻው ወዴት ይሄዳል ካልሽ፣ ቲላፉሺ የሚባል ከ1992 ጀምሮ ቆሻሻ እየተደፋበት የተሠራ ደሴት አለ። ፖስትካርድ ላይ አይወጣም። አስጎብኚውም ወደዚያ አይወስድሽም፤ ሽታውን ንፋሱ ካላመጣልሽ መኖሩንም አታውቂም።

ሙሽራው የከፈለው «ሁሉን አካታች» ለሚሉት መስተንግዶ ነው። እኛም ዘንድ ያለዚህ ቃል ስብሰባ አይከፈትም። በር ላይ አምባር ያስሩልሻል፤ አምባር ያለው ሁሉ ተካተተ ማለት ነው። ዝርዝሩን ግን እስከ ታች አንብቢ፦ ለአንድ ሰው ለአንድ አዳር 12 ዶላር የአረንጓዴ ግብር፣ 17 በመቶ የቱሪዝም ግብር፣ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ። ሲያካትቱሽ በፈገግታ ነው፤ ሒሳቡ የሚመጣው ስትወጪ ነው።

ከሁሉ በላይ ልብ እንድትይልኝ የምፈልገው ወንበሩን ነው። ባሕሩ ዳር ጥላ ሥር ወንበሮች ተደርድረዋል። ጎህ ሳይቀድ አንዱ ይነሣና ፎጣውን አንዱ ላይ አንጥፎ ተመልሶ ይተኛል። ረፋድ ላይ ቁርሱን ይበላል፤ ይዋኛል፤ ከሰዓት በኋላ ጀልባ ይሳፈራል። ወንበሩ ግን ተይዟል። ሌላው ቆሞ በፀሐይ ይጠበሳል እንጂ ፎጣውን ማንሣት አይደፍርም፤ ፎጣው የማን ነው ብሎ እንኳ አይጠይቅም። ሚዜዎቹ ደግሞ አጠገቡ ቁጭ ብለው «አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል» ይላሉ። አንዳንዱ ፎጣ ከመክረሙ የተነሣ ቀለሙ ለቆ ከወንበሩ ጋር ተመሳስሏል። የሙሽራውን ሻንጣ ስታስተካክዪ ከልብሱ ፎጣው ከበዛ፣ ለእናትሽ ሳይሆን ለእኔ ደውዪ።

ወንበር አልፈልግም፣ ባሕሩ ዳር እየተንሸራሸርኩ ዛጎል እለቅማለሁ ካልሽም ታሪክ አለው። በጥንት ዘመን በነዚህ ደሴቶች ዳርቻ ባሕር የሚተፋው ግዙፍ ኮኮነት ነበር። ዛፉን ያየ ስላልነበረ ከባሕር ሥር ይበቅላል ይባል ነበር፤ መድኃኒት ነው ተብሎም በውድ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ያገኘው ሰው ለንጉሡ ማስረከብ አለበት፣ የደበቀ ወዮለት። በ1602 መርከቡ ተሰብሮ እዚያ የቀረው ፈረንሳዊ ፒራር ደ ላቫል እንደጻፈው፣ አንድ ድሃ ድንገት ከከበረ ሰፈርተኛው «ኮኮነቱን አግኝቶ ነው» እያለ ያማው ነበር። ይህን ሳነብ ባንድ ሌሊት ፎቅ ያቆሙ የሰፈራችን ሰዎች ትዝ አሉኝ። ባሕር ሳይኖረን ኮኮነቱን ከየት እንዳገኙት ነው ያልገባኝ። በመጨረሻ ዛፉ በ1768 ሲሸልስ ውስጥ ፕራሊን ደሴት ላይ ተገኘ። በሳይንሱ መጠሪያ ግን ፍሬው እስከ ዛሬ በማልዲቭስ ስም ነው የሚጠራው። ያበቀለ ሌላ፣ ስሙን የወሰደ ሌላ። ይሄስ ለኛ አዲስ አይደለም።

አገሩ ራሱም ረጅም ጫጉላ ያውቃል። ከ1978 እስከ 2008 የመሩት አንድ ሰው ናቸው፣ ማሙን አብዱል ጋዩም። ሕዝቡ አልተጠየቀም እንዳትዪ፤ በየአምስት ዓመቱ ተጠይቋል። ምክር ቤቱ አንድ እጩ ብቻ ያቀርብና «ትፈልጉታላችሁ ወይስ አትፈልጉትም?» ይባላል። ስድስት ጊዜ ተጠይቆ ስድስቱንም ጊዜ ከ90 በመቶ በላይ የሆነው «እንፈልጋለን» አለ። ወይ ፍቅር! በ2008 ሌላም ሰው አጠገባቸው እንዲቆም ሲፈቀድ ተሸነፉ።

ያሸነፏቸው መሐመድ ናሺድ በበኩላቸው ኦክቶበር 17 ቀን 2009 ካቢኔያቸውን ይዘው ባሕር ውስጥ ገቡ። ሚኒስትሮቹ የጠላቂ ልብስ ለብሰው፣ የአየር በርሜል ተሸክመው፣ ጊሪፉሺ ደሴት አጠገብ ከውሃው ሥር ጠረጴዛ ከበቡ። «ባሕሩ ከፍ እያለ አገራችን ሊሰጥም ነው» ለማለት፣ ዓለም ጭሱን እንዲቀንስ የሚጠይቅ ሰነድ ፈረሙ። ጉዳዩ የሚያስለቅስ ነው፤ አላሾፍበትም። እኔን የገረመኝ አፍ ሁሉ ተወትፎ፣ በእጅ ምልክት ብቻ ተነጋግረው፣ ተቃውሞ ሳይሰማ በሙሉ ድምፅ መውጣታቸው ነው። ለዚህ ለዚህማ ባሕር ምን ያደርጋል? የኛ እድር በደረቅ መሬት ላይ ሲያደርገው ስንት ዓመቱ!

ወደ ጋብቻው ስንመለስ፣ ተጓዡ ኢብን ባቱታ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በነዚሁ ደሴቶች ቃዲ ሆኖ ነበር፤ እሱም ሚስት በሚስት ላይ አግብቷል። መርከበኞቹ ሲደርሱ ያገባሉ፣ ሊሄዱ ሲሉ ይፈታሉ ብሎ ጽፏል። ሰዉ ይህን ሲሰማ ያዝናል። እኔ የምፈራው ሌላውን ዓይነት ነው፤ ሲደርስ አግብቶ፣ የመሄጃው ቀን ሲመጣ መልህቁን የሚያጠብቀውን።

ሙሽራው ትናንት ማታ ደውሎ «ጫጉላውን ትንሽ ብናራዝመውስ? አየሩ ለመመለስ አያመችም» አለኝ። ገና ሳትነሡ ነው እንግዲህ! ምክንያቱን ብጠይቀው «ለሙሽሪት ደኅንነት ስል ነው» አለ። እኛ ግን ለመልሱ ሰው ጠርተናል፤ ጠላው ተጠንስሷል፤ በሬው ግቢ ውስጥ ታስሮ ሣር እየፈጀ ነው። የመልሱን ቀን ቁርጡን አስነግሪልን፤ ድንኳን የሚከራየው በቀን ነው።