በፍቅር ብዛት ስለ ሞተው ሳልቪያ

ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ከተሰናበትሁ ወዲህ፣ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ሰው የሚያገኘውን ፈተና ሁሉ ከደጄ ለማራቅ በማሰብ፣ አዲስ አበባ በሚገኘው ቤቴ ፊት ለፊት ባለችው ጥቁር ዋልካ መሬት ላይ አበባ ለማልማት ቈርጬ ተነሣሁ፤ ከአበቦችም ሁሉ የመረጥሁት፣ አገሩ ሜክሲኮ የሆነውን፣ ቅጠሉ ቀጭንና ረዥም፣ ግንዱም እንደ በግ ግልገል ጠጕር የለሰለሰውን ሐምራዊ ሳልቪያ ነበር። በአምሮት ብቻ የመረጥሁት አይምሰላችሁ። «ሳልቪያ» በሮማይስጥ ቋንቋ ከማዳንና ከመፈወስ የወጣ ስም መሆኑን ስለ ተረዳሁ፣ ፈዋሽ የተባለ ተክል ቢያንስ ራሱን መጠበቅ አያቅተውም ብዬ ነው።

ይህንኑ ተክል ካቫኒልስ የተባለው እስፓኛዊ ካህንና የዕፀዋት ሊቅ፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1791 ዓ.ም.፣ በጽርዕ ቃል «ነጭ አበባ» ሲል ሰይሞታል። ሰውየው ዓይኑ ታሞ ነበርን ብዬ ጠረጠርሁ፤ መነጽሬን አድርጌ ጐንበስ ብዬ ስመለከት ግን፣ እኛ ከሩቅ ሐምራዊ አበባ የምንለው የአበባው ጽዋ ኖሯል፤ እውነተኛው አበባ ከዚያ ውስጥ፣ ነጭ ቀሚሱ ከካባው ሥር ብቅ እንደሚል ጳጳስ፣ በትሕትና ብቅ ይላል። ነጩ ቶሎ ይረግፋል፤ ካባው ግን ለብዙ ሳምንት ይሰነብታል።

ተክሉ በጠባዩ ባሕታዊ ነው፤ ፀሐይ ይወዳል፣ ውሃ የማይቋጥር አፈር ይመርጣል፣ ሥር ከሰደደ በኋላም ጾም አይከብደውም። እኔ ግን ጾመኛውን በግድ ድግስ ላይ አስቀመጥሁት። በሐምሌ፣ ሰማዩ ሌሊቱን ሙሉ ባጠጣው ላይ፣ ጧት ጃንጥላ ይዤ ወጥቼ የድርሻዬን አከልሁበት። ዋልካው ውሃውን እንደ ጋን ቋጥሮ ይዞ ሥሩ ሲበሰብስ ቅጠሉ ጠወለገ፤ መጠውለጉን ከጥማት ቈጥሬ ሌላ ማጠጫ ሙሉ ጨመርሁለት። በሦስተኛው ቀን ዐረፈ።

ሁለተኛውን በፍግ አሳደግሁት። ቁመቱ ከእኔ ትከሻ ደረሰ፣ ቅጠሉም ሞላ፤ አበባ ግን አንዲት እንኳ የለም። በዚህ ጊዜ ጎረቤታችን እማሆይ በዱላቸው ተደግፈው መጡና አንድ ቅጠል ቀጥፈው፣ በመዳፋቸው አሽተው፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«ለምች ይሆናል?» አሉኝ።

«ዳማከሴ እኮ አይደለም እማሆይ፤ ለዓይን ብቻ የተተከለ ነው። ዘመድ ግን ናቸው፤ ግንዱን ይዳብሱት፣ እንደ ዳማከሴና እንደ በሶብላ አራት ማዕዘን ነው። ስሙም ፈዋሽ ማለት ነው» ብዬ ያለ የሌለ ዕውቀቴን ዘረገፍሁላቸው።

«ፈዋሽ ከሆነ ያለፈው በአንተ እጅ ስለ ምን ሞተ?»

መልስ አላገኘሁም። እሳቸውም ዝምታዬን እንደ ፈቃድ ቈጥረው አንድ ዘንግ ሰብረው ይዘው ሄዱ። (አበባ ያልያዘ ዘንግ ቶሎ ሥር እንደሚሰድድ ያወቅሁት ኋላ ነው፤ አበባ ያልያዘ ዘንግ ደግሞ በእኔ ግቢ ከመጠን በላይ ነበር።) የእኔው ተክል ከክብደቱ የተነሣ በነፋስ ተገነደሰ፤ ሊያገግም ቢሞክርም፣ ሕመምተኛ ነው በማለት ውሃ አበዛሁለትና የወንድሙን መንገድ ተከተለ። ባለቤቴ «ሦስተኛ ልትገዛ ነው?» ስትለኝ ዝም አልሁ፤ እሱንም የት እንደ ቀበርሁት አትጠይቁኝ።

በኅዳር አንድ ጧት እማሆይን ልጠይቅ ብሄድ፣ ከአጥራቸው ሥር፣ አመድና የተሰበረ ሸክላ ከሚደፉበት ጉብታ ላይ፣ ሐምራዊ ካባውን የለበሰ ጉባኤ ቆሞ አየሁ። ከተከዜ ወንዝ ስሟን ያገኘችው፣ አፏ እንደ መርፌ ቀጥኖ የቈለመመው ወፍ፣ ከአንዱ ጽዋ ወደ ሌላው ስትዘል ነበር። ምን ያህል ያጠጡታል ብዬ ጠየቅሁ።

«እኔን ጉልበቴ አላንቀሳቅስ ብሎኝ ማን ያጠጣዋል? ሰክቼ ረሳሁት።»

ኀፍረቴን ዋጥ አድርጌ አንድ ዘንግ እንዲሰጡኝ ለመንሁ። እማሆይ ዱላቸውን እንደ ተመረኮዙ ጥቂት አሰቡና «እሰጥሃለሁ፤ ማጠጫህን ግን መያዣ ታስቀምጣለህ» አሉኝ።

ከቤቴ አምጥቼ አስረከብሁ። እነሆ እስከ ዛሬ በእሳቸው ደጅ የዶሮ ውሃ መጠጫ ሆኖ ተቀምጧል፤ እኔም በዚያ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።