የጋሽ ፒስፓይስ 9.1 አጭር የሕይወት ታሪክ

የተከበራችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ከሳን ሆዜ በ880 መንገድ ትራፊኩን ታግሣችሁ ኦክላንድ ድረስ የመጣችሁ ለቀስተኞች፣ እግዜር ይስጥልን። የሟችን የሕይወት ታሪክ አንብብ ተብዬ ነው የቆምኩት። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

ጋሽ ፒስፓይስ 9.1 የተማሪ ዕትም የኮምፒውተር ፕሮግራም ነበሩ፤ ዘራቸው ከዚሁ አካባቢ ነው። አያታቸው ስፓይስ እዚህ አጠገባችን በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በተማሪው ላሪ ኔግልና በመምህሩ ዶናልድ ፒደርሰን እጅ ተወልደው በ1973 ለዓለም ታዩ። ሥራቸው አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪዩት ገና ሳይበየድ ቮልቴጁና ከረንቱ ምን እንደሚሆን አስልቶ መንገር ነበር። ቋንቋቸው ፎርትራን፣ የሚጠየቁትም በተበሳ ካርድ። በ2004 ያረፉት ፒደርሰን ደግሞ እጃቸው ለመስጠት አይታጠፍም ነበርና ፕሮግራሙን ለጠየቀ ሁሉ በቴፕ ይሰጡ ነበር፤ በምላሹ የሚለምኑት ስሕተት ያገኘ ሰው አርሞ እንዲመልስላቸው ነው።

በ1984 ማይክሮሲም የተባለ ኩባንያ ስፓይስን ወደ ግል ኮምፒውተር አመጣውና ፒስፓይስ አለው። በ1998 ኦርካድ ማይክሮሲምን ገዛ፤ በዓመቱ ካደንስ ኦርካድን ገዛና ቤተሰቡ ሳን ሆዜ ገባ። ከበርክሌይ ሳን ሆዜ ለመድረስ 26 ዓመት መሆኑ ነው። ዛሬ በ880 የመጣችሁ አይገርማችሁም።

ጋሽ ፒስፓይስ የተማሪ ዕትም ስለነበሩ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ነገር ግን ከ10 ትራንዚስተር በላይ አያስተናግዱም። አሥራ አንደኛውን ይዞ የመጣ በር ይዘጋበታል። በአንድ ቺፕ ላይ ቢሊዮን ትራንዚስተር በሚቆጠርበት በሲሊከን ቫሊ ደጃፍ ቆሜ ይህን ስናገር ልጆቹ ይስቃሉ። እኔ ግን አምፕሊፋየር ምን እንደሆነ የገባኝ በእሳቸው ንፉግነት ይመስለኛል፤ 10 ብቻ ሲሰጥህ እያንዳንዱ ምን እንደሚሠራ ታውቃለህ።

ጠባያቸው ከባድ ነበር፤ ሙት አይወቀስም ብዬ አልደብቅም። የፋይሉን የመጀመሪያ መስመር ርዕስ ነው ብለው ያልፉታል። ባትሪህን እዚያ ከጻፍክ ባትሪ የለህም። ኤም ብለህ ብትጽፍላቸው፣ በትልቁም ሆነ በትንሹ ፊደል፣ ሚሊ ነው። የአንድ ሜጋ ኦም ሬዚስተር ሰጠኋቸው ብለህ ስታበቃ አንድ ሚሊ ኦም አድርገውት ከረንቱ እንደ ክረምት ጎርፍ ይለቀቃል። ሜጋ ከፈለግህ በሦስት ፊደል ሜግ ብለህ ትጽፋለህ። ይህ ከአያታቸው የወረሱት ነው፤ ዛሬ በሕይወት ያሉት የአጎት ልጆቻቸውም አልተላቀቁትም።

እሳቸውን ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት ራሱን የቻለ ሥርዓት ነበረው። ፀረ ቫይረሱ ይዘጋል። አሮጌው ዕትም ከአዲሱ ቀድሞ ይጫናል፤ አለዚያ የማን ፋይል በማን እንደሚከፈት ጠብ ይነሣል። ፎልደሩም ስሙ መሃል ክፍት ቦታ የሌለበት፣ በቀጥታ ሲ ድራይቭ ሥር ይሁን ይባላል።

ለምን አዲሱን አትጭኑም ትሉናላችሁ። የመመረቂያ ጽሑፋችንን ግራፍ ያወጡት እሳቸው ናቸዋ! አዲሱ ዕትም የስሌቱን እርምጃ ወይም የሚታገሠውን ስሕተት በጥቂቱ ከለወጠ፣ ትናንት እሺ ያለው ሰርኪዩት ዛሬ መልስ አላገኘሁም ሊል ይችላል። ያኔ ጥፋቱ የማን ነው፣ የሰርኪዩቱ ወይስ የዕትሙ? አሮጌው አጠገብህ ከሌለ መለየት አትችልም።

ሕመማቸው የጀመረው ማይክሮሶፍት በ2014 ከዊንዶውስ ኤክስፒ እጁን ባነሣ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ኦክላንድ ውስጥ በአንድ ጋራዥ፣ ከጎማና ከሽንኩርት ጆንያ መካከል፣ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሲታመሙ ቆይተው ሃርድ ዲስኩ ሲንቋቋ ሰንብቶ ዝም አለ። ሲዲያቸው ጭረት የለበትም፤ ሲዲ የሚያነብ ግን በቤቱ ጠፋ። በሰው ኮምፒውተር ወደ ፍላሽ አስገልብጠን ለልጃችን አዲስ አፕል ላፕቶፕ ብንሰጠው፣ ሟች ለዊንዶውስና ለኢንቴል ዓይነት ቺፕ የተሠሩ፣ አፕል ደግሞ በ2020 ከኢንቴል ቺፕ መላቀቅ ጀምሮ ኖሮ፣ ላፕቶፑ እንግዳውን ከነጭራሹ አላውቀውም አለ።

ስለ ውርሱ ልናገርና ላብቃ፤ ጭቅጭቁ ዛሬ ጠዋት ተጀምሯል። ሰርኪዩቱን በጽሑፍ ያስቀመጣችሁ እድለኞች ናችሁ። ያ ጽሑፍ በበርክሌይ ኮድ ላይ የተሠራው ኤንጂስፓይስም ሆነ በነፃ የሚገኘው ኤልቲስፓይስ ውስጥ እዚህም እዚያም አንድ ሁለት መስመር ተነክቶ ይሠራል። በሥዕል ብቻ ያስቀመጣችሁት አስተርጓሚ ፈልጉ፤ ካላገኛችሁ ሰርኪዩታችሁ ከሟች ጋር ተቀብሯል። ፒደርሰን በነፃ የበተኑት ዛሬም ልጅ ይወልዳል። በቁልፍና በፈቃድ የተቆለፈው ግን ሳይንሱ ሳይነካ ቁልፉ ሞቶበት ይቀበራል፤ እኔ በበኩሌ የማለቅሰው ለዚህኛው ነው።

ሠልስቱ ሳን ሆዜ ነው። ከመካከላችሁ ኤክስፒ ያለበት የሚነሣ ኮምፒውተር ያለው ሰው ካለ፣ ከመሄዱ በፊት እባካችሁ ያነጋግረኝ።