ባለቁጥሩ ዱር

አሜሪካ ውስጥ ዱር የሚገባው በቀጠሮ ነው። የቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት ፓርኮች የድንኳን ቦታ እስከ 11 ወር አስቀድመው ያስይዛሉ፤ የሰመር ቅዳሜና እሁድ የፈለገ ሰው ካልተሽቀዳደመ አያገኝም። ባለቤቴ ለሐምሌ የሚሆነንን ቦታ የያዘችው በጥር፣ በረዶ መኪናችንን ቀብሮት ሳለ ነው።

«እስከ ሐምሌ መኖራችንን በምን አወቅሽ?» አልኳት።

«ካልኖርን ይሰረዛል» አለችኝ፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል።

ፓርኩ ሌክ አና ይባላል፤ ከዋሽንግተን ሁለት ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። የደረሰን ቦታ ቁጥሩ እንጨት ላይ ተጽፎ ተተክሏል። የመኪና ማቆሚያ፣ የውሃ ቧንቧ፣ የመብራት ሶኬት፣ ጠረጴዛና በብረት የታጠረ ምድጃ አለው። አዲስ አበባ ቢሆን ዕጣ ይወጣበት ነበር።

በዚያው ሰሞን አማቴ ሊጠይቁን ከአገር ቤት መጥተው ስለነበር ይዘናቸው ሄድን። «የቤት ኪራይ እየከፈላችሁ፣ ሜዳ ላይ ለማደር ደግሞ ሌላ ትከፍላላችሁ?» ብለው ሲጠይቁ ባለቤቴ ስለ ንጹሕ አየርና ስለ አእምሮ ዕረፍት አስረዳቻቸው። እሳቸው አልገባቸውም። እኔም እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ግን ሚስቴን በእናቷ ፊት መቃወም አልወድም።

የመጀመሪያው ጭቅጭቅ በእንጨት ነው የተነሳው። አማቴ አሌክሳንድሪያ ካለው ጓሯችን የደረቀ ቅርንጫፍ ለቃቅመው በማዳበሪያ ሞልተው ነበር። ፓርኩ ግን ማገዶ ከሩቅ ይዛችሁ አትምጡ ይላል፤ ከእስያ የገባ አረንጓዴ ጥንዚዛ እንጨት ውስጥ ተደብቆ እየተጓዘ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ሚሺጋን ውስጥ ከተገኘ ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠር ዛፍ ጨርሷል። ስለዚህ እዚያው በላስቲክ የተጠቀለለ እስር ይገዛል። አማቴ እስሩን አገላብጠው አዩትና ዋጋውን ጠየቁ። ነገርናቸው። «እኔ በቪዛ ባሕር ተሻግሬ ስገባ» አሉ፣ «ይህ ጭራሮ ከአሌክሳንድሪያ እዚህ መግባት አቃተው?»

በደንቡ አንድ ቦታ ላይ የሚያድረው 6 ሰው ወይም አንድ ቤተሰብ ነው። ይህን የጻፈው ሰው አበሻ አያውቅም። እኛ ከነልጃችን አራት ሆነን ነበር የመጣነው፤ ከሰዓት በኋላ ጋሼ የምንለው ወዳጃችን ከነባለቤቱ «ለሰላምታ ያህል» ብሎ ብቅ አለ፤ የባለቤቱ እህት ከነልጆቿ ተከተለች፤ የእህቲቱ የሥራ ባልደረባም በግ ጥብስ ይዞ መጣ። የፓርኩ ጠባቂ፣ ባርኔጣ ያደረገ ጨዋ ወጣት፣ ቀስ ብሎ ተጠግቶ «ሁላችሁም አንድ ቤተሰብ ናችሁ?» ሲል ጋሼ ሳያመነታ «አዎን» አለ። ከዚያ ዝምድናውን ሊያስረዳ ጀመረ፤ በክርስትና ልጅ ገብቶ፣ በማኅበር ዞሮ፣ በሠርግ ሚዜነት ሊወጣ ሲል ልጁ ሰዓቱን አየና፣ እንግዶች ሳይመሽ እንዲወጡ በትሕትና አሳስቦ ሄደ። ጋሼ ግን ሚዜው ጋ ስላልደረሰ ቅር አለው።

ሐይቁን በተመለከተ፣ አማቴ ዳር ቆመው «እንደ ላንጋኖ የጥንት ነው?» ብለው ጠየቁ። አይደለም። ኖርዝ አና የሚባለው ወንዝ በ1972 ተገድቦ የተሠራ ነው፤ በዚያው ሰኔ አግነስ የተባለው አውሎ ነፋስ ዝናቡን ሲያወርደው ከታሰበው ቀድሞ ሞላ። ስፋቱ ከ5 ሺህ ሄክታር በላይ ነው። የተገደበውም ለዋናና ለዓሣ ሳይሆን፣ ወዲያ ማዶ ያለውን የአቶም ኃይል ማመንጫ እንዲያቀዘቅዝ ነው። ጣቢያው የሐይቁን ውሃ ይስብና በቧንቧ አሳልፎ እንፋሎቱን ያበርድበታል፤ ውሃው ከአቶሙ ጋር ሳይነካካ ሞቆ ይወጣል፤ ከዚያም በግድብ በተለዩ ኩሬዎች ውስጥ እየዞረ ቀዝቅዞ ወደ ዋናው ሐይቅ ይመለሳል። ስለዚህ ሐይቁ «ሙቁ ወገን» እና «ቀዝቃዛው ወገን» ተብሎ ይጠራል።

አማቴ ከዚህ ሁሉ የሰሙት «ሙቁ» የሚለውን ብቻ ነበር። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ፍልውሃ ሳይገቡ የከረሙበት ዓመት የለም።

«ታዲያ ከቀዝቃዛው ምን አስቀመጠን? ወደ ሙቁ ውሰዱኝ እንጂ!»

«እማዬ፣ እዚያ መግባት የሚችሉት ዳር ዳሩን ቤት ያላቸውና እንግዶቻቸው ናቸው፤ ለሕዝብ የተተወው ይሄኛው ነው» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። «እዚህም በዘመድ ነው?»

ፀሐይ ስትጠልቅ ጀበናው ተጣደ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋት ጸጥታ ነው፤ ስለዚህ ጋሼ (እንግዳ የተባለው ሁሉ ሲሄድ እሱ «ሦስተኛውን ሳልጠጣ» ብሎ ቀርቷል) ወሬውን በሹክሹክታ ቀጠለ። ጋሼ ሲንሾካሾክ ማዶ ይሰማል። ለአማቴ የመረጠላቸው ተረት ደግሞ የነሐሴ 2011ን የመሬት መንቀጥቀጥ ነበር፤ መነሻው እዚሁ አጠገብ ሚኔራል የምትባል ከተማ ሲሆን ልኩ 5.8 ነው፤ የአቶም ማብላያዎቹ ራሳቸውን አጠፉ፤ የዋሽንግተን ሐውልት ተሰነጣጥቆ እስከ 2014 ተዘጋ። አማቴ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ይህን እያወቃችሁ ነው ከነልጃችሁ እዚህ የተኛችሁ?» በዚህ ሁሉ መሐል፣ ከጎናችን ያረፈው ጎረቤታችን አርቪ በሚሉት ባለጎማ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን እያየ ነበር። ምንጣፍ ዘርግቷል፤ አየር ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል። ዱር የመጣው ምን ፍለጋ እንደሆነ ብጠይቀው ደስ ባለኝ።

ሌሊት ድስት ሲንኳኳ ነቃሁ። ባትሪ ባበራ፣ ዓይኑ ዙሪያውን የጠቆረ አንድ ራኩን የዶሮ ወጡን ክዳን በሁለት እጁ አንስቶ በሥርዓት መሬት ላይ አስቀምጦታል። ሥጋውን አልነካም። እጁን መረቁ ውስጥ ከተተና በጣቶቹ ዳበሰ፤ አንድ እንቁላል አወጣ፣ በመዳፉ አንከባለለ፣ እኔን እያየ ገመጠ። በርበሬው ትንሽ አስነጠሰው፤ ሆኖም ሁለተኛውን ከማንሳት አላገደውም። አማቴ ከድንኳናቸው አንገታቸውን አወጡ።

«እንቁላሉን ብቻ መረጠ?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«እንግዲያ ይህ አውሬ አይደለም፤ አማች ነው» ብለው ተመልሰው ተኙ።

ጠዋት ልጃችን ከፓርኩ አስተማሪዎች ጋር ወርቅ ማጠብ ተማረ። አካባቢው ከሐይቁ በፊት የወርቅ ማዕድን ነበር፤ በ1829 ነው የተገኘው። ልጁ ሳህኑን እያሽከረከረ አሸዋውን ሲደፋ፣ አማቴ እጅጌያቸውን ሰብስበው አጠገቡ ተቀመጡና «ቀስ በል፣ ቸኩለህ ሀብቱን ደፋኸው» እያሉ ሳህኑን ተቀበሉት። ያገኙትን ብልጭ የሚል ነገር በመሐረባቸው ቋጠሩ። አስተማሪዋ አብለጭላጭ ድንጋይ ነው አለች። አማቴ እንግሊዝኛ እንደማይገባቸው ሆኑ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ለእህታቸው ደወሉ። ድምፁ ክፍት ነበር። «የት ሰነበትሽ?» አለቻቸው እህታቸው ከአዲስ አበባ።

«እባክሽ፣ አቶም ማዶ፣ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለው አሳደሩኝ።»

ስልኩ ውስጥ ለአፍታ ዝምታ ሆነ።

«ውይ እህቴን! ምን አድርገሻቸው ነው?»